የዊልያም ኩፐርን ድልድይ ለምንሻገር ሁሉ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣
ሜልቦርን

ክቡር አዘጋጅ፣

በፉትስክሬይ ባቡር ጣቢያ ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው የእግረኞች ድልድይ የዊልያም ኩፐር ድልድይ ይባላል። በዚህ ከተማ ከሚኖረው የአገራችን ሰው መካከል በዚያ ያልተሻገረ ያለ አይመስለኝም፤ እንጀራ ለመግዛት፣ ለቅሶ ለመድረስ፣ ቅዳሜ ከወዳጅ ጋር ቡና ለመጠጣት ስንመጣ የምንረግጠው እሱን ነው። እኔም ለዓመታት በዚያ ስመላለስ ሰውየው ማን እንደነበረ ለመጠየቅ አላሰብኩም ነበር። ዊልያም ኩፐር ከአውስትራሊያ ነባር (አቦርጂናል) ሕዝቦች አንዱ የሆነው የዮርታ ዮርታ ሕዝብ ተወላጅ ነው። ልጁ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ለአውስትራሊያ ተሰልፎ ሞቷል፤ አባትየው ግን በመንግሥት ጥበቃ ሥር በነበረ የአቦርጂናል መንደር እስከኖረ ድረስ የጡረታ አበል ስለማይከፈለው፣ በ1933 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዕድሜው ከሰባ ካለፈ በኋላ ቤቱን ትቶ ወደ ፉትስክሬይ መጣ። እዚህ ሆኖ 1,814 ሰዎች የፈረሙበትን፣ ሕዝቡ በፓርላማ ተወካይ እንዲኖረው የሚለምን አቤቱታ ለእንግሊዝ ንጉሥ እንዲደርስለት አዘጋጀ፤ የፌዴራል መንግሥቱም ሳያስተላልፈው ቀረ። ያም ሆኖ ታኅሣሥ 6 ቀን 1938፣ ናዚዎች በጀርመን አይሁዶች ላይ የፈጸሙትን ግፍ ለመቃወም ከወገኖቹ ጋር ወደ ጀርመን ቆንስላ በእግሩ ሄዷል። ራሱ መብት የተነፈገ ሰው ለማያውቀው ሕዝብ አቤት ብሏልና፣ ስሙን በያዘው ድልድይ የምንሻገር እኛም ስለ ሕዝቡ የዛሬ ኑሮ በቅጡ ብናውቅ፣ የምንናገረውንም ብንመዝን ተገቢ ነው እላለሁ።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሡኝ በየማኅበሩና በየቡናው ላይ ደጋግሜ የምሰማቸው ሁለት አባባሎች ናቸው። አንደኛው «አቦርጂናሎች እኮ በረሃ ነው የሚኖሩት፤ እዚህ ከተማ የሉም» የሚል ነው። የአውስትራሊያ ስታትስቲክስ ቢሮ ለ2021 ባወጣው ግምት የአቦርጂናልና የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ሕዝብ ቁጥር 984 ሺህ ገደማ ሲሆን፣ ከ100ው 41 ያህሉ የሚኖረው በትልልቆቹ ከተሞች ነው፤ ራቅ ባሉና እጅግ ሩቅ በሆኑ አካባቢዎች የሚኖረው ከ100ው 15 ገደማ ብቻ ነው። በሜልቦርን የማናያቸው ስለሌሉ አይደለም፤ በአንድ ሰፈር ተሰባስበው ስለማይኖሩ፣ መልካቸውም እኛ በፖስተር ላይ እንዳየነው ስላልሆነ ነው። በባቡር አጠገባችን የተቀመጠችው ነርስ፣ የልጃችን ክፍል ጓደኛ፣ ከእኛ ጋር በአንድ ፎቅ የምትኖረው አያት አቦርጂናል ልትሆን ትችላለች። በከተማ መበተናቸው ደግሞ ራሱን የቻለ ችግር አለው፤ ሩቅ ላለ መንደር አንድ ክሊኒክ መክፈት ይቻላል፣ በ30 ሰፈሮች ተበታትኖ ለሚኖር ሕዝብ ግን አገልግሎቱ ራሱ ፈልጎ ካልደረሰው በቀር በማንም መዝገብ ላይ ጎልቶ አይታይም።

ሁለተኛው አባባል «መንግሥት ሁሉን በነፃ ይሰጣቸዋል፤ የማይጠቀሙበት ራሳቸው ናቸው» የሚለው ነው፤ ይህ የበለጠ ያሳዝነኛል። ለእነሱ ተብለው የተዘጋጁ አገልግሎቶች መኖራቸው እውነት ነው፤ ለምሳሌ በሜዲኬር (በመንግሥት የጤና መድን) ቁጥር 715 የሚባለው በየዓመቱ የሚደረግ አጠቃላይ የጤና ምርመራ አለ። ይህ የመጣው ግን ዕድሜያቸው ከሌላው አውስትራሊያዊ ስለሚያጥር ነው፤ ከ2020 እስከ 2022 በተሰላው መሠረት እንኳ የአቦርጂናል ወንድ ሲወለድ የሚጠበቅለት ዕድሜ 71.9፣ የሴቷ ደግሞ 75.6 ዓመት ነው፤ ይህም ከሌላው አውስትራሊያዊ በ8.8 እና በ8.1 ዓመት ያንሳል። ምርመራውን ለማግኘት ደግሞ መጀመሪያ ሐኪም ቤት በሚሞላው ቅጽ ላይ «የአቦርጂናል ወይም የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ተወላጅ ነዎት?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» ማለት ያስፈልጋል። ይህ ለእኛ ቀላል ይመስለናል። ነገር ግን በ1997 የወጣው ብሔራዊ የምርመራ ሪፖርት እንደዘረዘረው፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአቦርጂናል ሕፃናት በመንግሥት ሠራተኞች ከእናቶቻቸው ጉያ እየተነጠቁ በማሳደጊያና በነጮች ቤት አድገዋል። እናቷ በልጅነቷ ከቤት የተወሰደችባት ሴት፣ የራሷን ልጅ ይዛ ሐኪም ቤት ስትገባና ማንነቷን በጽሑፍ ስትጠየቅ እጇ ቢንቀጠቀጥ ሊገባን ይገባል። ከእኛም መካከል በየስደተኛ ጣቢያው ቅጽ ሲሞላ «ይህን ብናገር ምን ያመጣብኝ ይሆን» ብሎ ያልፈራ ማን አለ?

እኔ በሰሜን ሜልቦርን በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ሆኜ እሠራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በክፍላችን አያቱ የሚያሳድጉት የሰባት ዓመት አቦርጂናል ልጅ ነበር። ምንጣፍ ላይ ተሰብስበን ታሪክ ሲነበብ ከኋላ ተቀምጦ እርሳሱን ያሽከረክራል፤ ስሙ ሲጠራ አይዞርም፤ «መጽሐፋችሁን አውጡ» ሲባል ሌሎቹ ያወጡትን አይቶ ነው የሚያወጣው። በክትትል ቅጹ ላይ «መመሪያ አይከተልም» የሚል ቃል ብዙ ጊዜ ተጽፎበታል፤ ከእነዚያም ውስጥ በእኔ እጅ የተጻፈ አለበት። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት አንዲት አቦርጂናል የጤና ባለሙያ ልጆቹን ለማየት መጣች። አጠገቡ ዝቅ ብላ ተቀምጣ ስለሚወደው የእግር ኳስ ቡድን ካጫወተችው በኋላ፣ ጫፉ ለስላሳ ጎማ የሆነ ትንሽ መሣሪያ ጆሮው ላይ አድርጋ ከማሽኑ የወጣውን ወረቀት አሳየችኝ። የጤነኛ ጆሮ መስመር እንደ ኮረብታ ወጥቶ ይወርዳል፤ የእሱ ግን በሁለቱም ጆሮ ሜዳ ነበር። ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ስለተጠራቀመ ታምቡሩ አይንቀሳቀስም፤ ልጁ የሚሰማን ጭንቅላቱን ውኃ ውስጥ ነክሮ ከውጭ እንደሚያዳምጥ ሰው ነበር። አያቱ ተጠርተው ሲመጡ «እኔስ ስናገር አፌን ነው የሚያየው፣ ዓይን አፋር ሆኖ ይመስለኝ ነበር» አሉ።

የመካከለኛው ጆሮ ሕመም በአቦርጂናል ልጆች ላይ ከሌላው አውስትራሊያዊ ልጅ ይበልጥ ቀድሞ ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፤ ሳይታከምም ይቆያል። ጠባብ ቤት ውስጥ ብዙ ሰው መኖሩ፣ የሲጋራ ጭስ፣ ጉንፋን ከአንዱ ወደ ሌላው መተላለፉና ሕክምናው መዘግየቱ ያባብሱታል። እኛ ዘንድ «ጆሮው ይመግላል» ተብሎ እንደቀላል ነገር የሚታለፈው ሕመም፣ ልጁ ቃላት በሚለምድበት ዕድሜ ላይ ሲደርስበት ሙሉ የትምህርት ዘመኑን ያዛባዋል። የእኛው ተማሪ በመንግሥት ሆስፒታል የጆሮ ሐኪም ዘንድ ተራ እስኪደርሰው ወራት ጠብቋል። እስከዚያ ድረስ የተደረገለት ውድ ነገር አልነበረም፤ ከፊት አስቀመጥነው፣ መምህሯም አንገቷ ላይ ማይክሮፎን አንጠልጥላ ድምፅዋ በክፍሉ ማጉያ እንዲወጣ አደረገች። ከዚያ ቀን በኋላ እርሳሱን ማሽከርከሩን ተወ። ታምቡሩ ላይ ትንንሾቹ ቱቦዎች ከገቡለት በኋላ ደግሞ ከቤት ውጭ ወፎቹ እንዲህ እንደሚጮኹ አላውቅም ነበር ብሎ ነገረኝ።

ልጁን ያገኘችው የትኛዋም ነርስ ሳትሆን ያቺ ሴት መሆኗ በአጋጣሚ አይደለም። አያቱ ከትምህርት ቤቱ የተላከላቸውን ሦስት ደብዳቤ ሳይከፍቱ አስቀምጠው ነበር፤ የእሷን ስልክ ግን አነሡ፣ የማን ልጅ፣ የየትኛው ቤተሰብ እንደሆነች ያውቃሉና። በከተማ ያሉት የአቦርጂናል ሕዝቦች ይህን ከ50 ዓመት በፊት ተረድተውታል። በ1971 በሲድኒ ሬድፈርን የመጀመሪያው በአቦርጂናሎች የሚተዳደር የሕክምና አገልግሎት ተከፈተ፤ በ1973 ደግሞ እዚህ በፊትዝሮይ፣ ገርትሩድ መንገድ ላይ የቪክቶሪያ አቦርጂናል የጤና አገልግሎት ሥራ ጀመረ። ፊትዝሮይ ያኔ ከየመንደሩ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ የፈለሱ አቦርጂናሎች የተሰባሰቡበት ሰፈር ነበር። ከዚያው መንገድ አጠገብ ያሉት የመንግሥት ፎቆች ዛሬ የብዙ ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያንና ሶማሌዎች መኖሪያ ናቸው፤ ከዚያ ሰፈር ልጅ ያሳደግን ሁሉ የአቦርጂናል ልጆች በሮጡበት ሜዳ ላይ ነው ያሳደግነው። የክልላችን የቪክቶሪያ መንግሥት በሜልቦርን ያሉትን 44ቱንም የመንግሥት ፎቆች እስከ 2051 አፍርሶ እንደሚሠራ በ2023 ሲያስታውቅ፣ ነዋሪው ሲበተን ከለመደው ክሊኒክና ከወጣቶች ማዕከሉ ይለያያል የሚለው ሥጋት የእኛም የእነሱም ነው።

በማኅበረሰቡ የሚተዳደር አገልግሎት ማለት ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት ከባድ አይደለም፤ እድርን የሚያውቅ ያውቀዋል። እድራችን በችግር ቀን የሚደርስልን ገንዘቡ በዝቶ አይደለም፤ ማን እንደሞተበት፣ ማን ዘመድ እንደሌለው፣ ማን አፍሮ እንደማይጠይቅ የሚያውቁት አባላቱ ራሳቸው ስለሆኑ፣ ሊቀመንበሩም ቢያጠፋ እኛው ስለምናወርደው ነው። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መጥቶ «ድንኳኑን እኛ እንተክላለን፣ እናንተ ዝርዝራችሁን ብቻ አስረክቡ» ቢለን አንቀበልም። የአቦርጂናል ጤና ድርጅቶችም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ በእነዚህ ቤቶች ሐኪሙ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የሥነ ልቦና አማካሪውና አዛውንቱን ከቤታቸው በመኪና የሚያመጣው ሠራተኛ በአንድ ጣራ ሥር ይሠራሉ፤ ቦርዱንም የሚመርጠው ማኅበረሰቡ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ኩዊንስላንድ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች በ2009 ተጣምረው የከተማ ነባር ሕዝቦች የጤና ተቋም መሥርተዋል። በብሪዝበንም ከ2013 ጀምሮ አንዲት አዋላጅ ነርስ እናቲቱን ከእርግዝናዋ ጀምሮ ወልዳ እስክትጠና ድረስ የምትከታተልበትን አሠራር ከሆስፒታል ጋር ዘርግተው፣ ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት መቀነሳቸውን በታተመ ጥናት አሳይተዋል። ለእኔ ይህ ከማንኛውም ንግግር ይበልጥ አሳማኝ ነው።

መንግሥትም በወረቀት ይህን ተቀብሏል። በ2020 የፌዴራሉና የክልል መንግሥታት ከአቦርጂናል ድርጅቶች ኅብረት ጋር በፈረሙት ብሔራዊ ስምምነት ላይ ውሳኔውን በጋራ ለመወሰን፣ በማኅበረሰቡ የሚተዳደሩትን ድርጅቶች ለማጠናከር፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን አሠራር ለመለወጥና መረጃን ለማካፈል ቃል ገብተዋል። ሆኖም የፌዴራል መንግሥቱ አማካሪ የሆነው የምርታማነት ኮሚሽን በየካቲት 2024 ባወጣው ግምገማ መንግሥታት የገቡትን ቃል በአብዛኛው እንዳልፈጸሙና ብዙው ነገር እንደቀድሞው እንደሚካሄድ በግልጽ አስቀምጧል። ችግሩ ወደ ታች ሲወርድ እንዴት እንደሚመስል ከእኛ ትምህርት ቤት ልንገራችሁ፦ ልጁን ያገኘችው ባለሙያ ውሏ የአንድ ዓመት ነበር፤ የበጀት ዘመኑ ሲያልቅ ውሉ አልታደሰም፤ በሚቀጥለው ዓመት የመጣ ማንም አልነበረም። ክሊኒኩን የሚደጉመው የፌዴራል መንግሥት፣ ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድረው የቪክቶሪያ መንግሥት፣ የእናቶችና የሕፃናት ክትትሉን የሚሠራው የአካባቢው ምክር ቤት ነው፤ የአንድ ሕፃን ጆሮ ግን በሦስት መሥሪያ ቤት ተከፋፍሎ አይታከምም።

ስለ ትምህርት ጥቂት ሳልል አላልፍም። ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ከሆነ አቦርጂናል ወጣቶች መካከል 12ኛ ክፍልን ወይም ተመጣጣኝ የሙያ ትምህርት የጨረሱት በ2021 ከ100ው 68 ያህሉ ነበሩ፤ ስምምነቱ ይህን በ2031 ወደ 96 ለማድረስ ያለመ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የቁጥር ክትትል ብቻ አይመስለኝም። ልጆቻችንን በየቅዳሜው ፊደል ለማስቆጠር የምንደክመው ቋንቋውን ያወቀ ልጅ አንገቱን ቀና አድርጎ እንደሚሄድ ስለምናውቅ አይደለምን? በሜልቦርን ጥቂት ትምህርት ቤቶች የዚህችን ምድር ቋንቋ፣ ወይወሩንግን ማስተማር ጀምረዋል። የእኛ ልጆችም ቢማሩት ጉዳት የለውም፤ ጥቅሙም ለአቦርጂናሉ ልጅ የእሱ የሆነ ነገር በክፍል ውስጥ እንደ ትምህርት ሲከበር ማየቱ ነው።

ወደ ወጣቶቹ ልምጣ፤ ቀልቤን የሚነሣኝ ይህ ክፍል ነው። በ2021 ቆጠራ የአቦርጂናሉ ሕዝብ መካከለኛ ዕድሜ 24 ዓመት ነበር፤ ይህ ወጣት ሕዝብ ነው። ስለዚህ የወጣቶች ማዕከል፣ የስፖርት ክለብ፣ የሥራ ልምምድ እንደ ተጨማሪ ነገር ሊታዩ አይገባም። ቪክቶሪያ በ2024 ባወጣችው ሕግ አንድ ልጅ በወንጀል የሚጠየቅበትን ዕድሜ ከ10 ወደ 12 ከፍ አድርጋለች፤ ወደ 14 ለማድረስ ገብታ የነበረውን ቃል ግን በዚያው ዓመት አጥፋለች፤ በ2025 ደግሞ የዋስትና ሕጉን አጥብቃለች። የዋስትና ሕግ ሲጠብቅ ቀድሞ የሚታሰረው ቋሚ አድራሻ የሌለው፣ ዋስ የሚሆነው ዘመድ ሩቅ ያለ፣ ፖሊስ በየመንገዱ የሚያስቆመው ልጅ ነው። ጆሮንም እዚህ ላይ አልረሳም፦ በኖርዘርን ቴሪቶሪ ማረሚያ ቤቶች በተደረገ ምርመራ ከ10 አቦርጂናል እስረኞች ከ9 በላይ የሚሆኑት የመስማት ጉድለት እንዳለባቸው ተረጋግጧል። ያ ልጅ ጆሮው ባይታይለት ኖሮ በ15 ዓመቱ ፖሊስ ሲያናግረው ዝም ይላል፤ ዝምታውም እንደ ንቀት ይቆጠርበታል። ከክፍላችን ምንጣፍ እስከዚያ ያለው መንገድ አጭር ነው።

ይህ የእኛም ነገር ነው። በፍሌሚንግተንና በኬንሲንግተን ያደጉ የአፍሪካ ተወላጅ ወጣቶች ፖሊስ በቆዳችን ቀለም እየለየ ያስቆመናል ብለው በፌዴራል ፍርድ ቤት የመሠረቱት ክስ በ2013 በስምምነት ሲያልቅ፣ ፖሊስ አሠራሩንና ሥልጠናውን በሕዝብ ፊት ለማስመርመር ተስማምቷል። ልጆቻችን ያንን በር ያንኳኩት ከእነሱ በፊት አቦርጂናሎች ለአሥርት ዓመታት ባንኳኩት መንገድ ላይ ቆመው ነው፤ በዚህች ከተማ ለድሃ ተከሳሽ ነፃ ጠበቃ ይገባዋል ብሎ በ1973 የቪክቶሪያ አቦርጂናል የሕግ አገልግሎትን ያቋቋመው ያው የፊትዝሮይ ማኅበረሰብ ነው።

እንግዲህ ከማኅበራችን አባላት የምለምነው ይህን ነው። ብዙዎቻችን ዜጎች ሆነናል፤ እንመርጣለን፤ በትምህርት ቤት ምክር ቤቶችና በአካባቢ አስተዳደር የምክክር ኮሚቴዎች ውስጥ የተቀመጥን አለን። በእነዚያ ወንበሮች ላይ ስንሆን፣ አዲስ ለሚገቡ ልጆች ሁሉ የጆሮ ምርመራ መደረጉን፣ የአቦርጂናል የትምህርት ድጋፍ ሠራተኛው ውል ከአንድ ዓመት በላይ መሆኑን እንጠይቅ። የአካባቢው ምክር ቤት ለወጣቶች የሚሆን ገንዘብ አለኝ፣ እናንተና አቦርጂናሎቹ ተወዳደሩበት ሲለን፣ ከእነሱ ድርሻ ተቀንሶ የሚሰጠንን እንደማንፈልግ፣ ሁለቱም በየስማቸው በጀት እንዲያዝላቸው እንደምንሻ በጽሑፍ እንመልስ። ይህን የምለው የእኛ ወጣቶች ችግር ትንሽ ስለሆነ አይደለም፤ ልጄ ራሱ አዳራሽ አጥቶ በባቡር ጣቢያ ሲውል ያየሁ ወላጅ ነኝ። ነገር ግን ባለቤቱ ከጓዳው ምን እንደሚነሣ ሳይጠየቅ እንግዳ ሲካፈል ማየት ከአስተዳደጋችን ጋር አይሄድም።

ከጋዜጣው ደግሞ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ከፊትዝሮይ የአቦርጂናል የጤና አገልግሎት ባለሙያ ተጋብዞ ስለ ልጆች ጆሮ፣ ስለ አገልግሎቱም አሠራር የሚያስረዳበት አንድ ሙሉ ገጽ ብትሰጡ፣ እናቶቻችንም ስለ ራሳቸው ልጆች ጆሮ ብዙ ይማሩበታል። ቃለ መጠይቁን በእንግሊዝኛ ብታደርጉት ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔ ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ሥራ የለኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው የዘወትር አንባቢ
ከፉትስክሬይ